በጨቅላ ሕፃናት ላይ የካዋሳኪ ሕመምን ለይቶ ማወቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋና በሐረር ወላጆችና አያቶች፣ አንዳንዴም ጀማሪ የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድረናቸዋል።

ካዋሳኪ ምን ዓይነት ሕመም ነው?

የደም ቧንቧ ብግነት፣ ማለትም የቧንቧ መቆጣት፣ ነው። የሰውነት መከላከያ ባልታወቀ ምክንያት ተነሥቶ የገዛ አካሉን ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ያጠቃል። ትኩሳቱም፣ የዓይኑ መቅላትም፣ ሽፍታውም የዚህ ውጤት ናቸው። ዋናው ስጋት ግን ከውጭ የማይታየው ነው፤ የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ቧንቧዎች ግድግዳ ሲቆጣ ይሳሳል፣ የሳሳው ቦታም እንዳረጀ የብስክሌት ጎማ ይነፋል። በተነፋው ቦታ ደም ሊረጋና ቧንቧውን ሊደፍነው ይችላል።

ስያሜው ከጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ከቶሚሳኩ ካዋሳኪ የመጣ ነው። የመጀመሪያውን ታማሚ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ የሃምሳ ሕፃናትን ታሪክ ሰብስበው ያሳተሙት በ1967 ነው። ሕመሙ ከዚያ በፊትም ነበር። ሆኖም በጨቅላዎች ላይ የሚታወቀው በአስከሬን ምርመራ ሲሆን የሚጠራውም በሌላ ስም ነበር።

የጃፓን በሽታ ከሆነ እኛ ዘንድ ምን ያመጣዋል?

በጃፓንና በኮሪያ በብዛት ይታያል እንጂ የትኛውንም ሕዝብ አይምርም። በአብዛኛው የሚይዘው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ነው። እኛ ዘንድ ስሙ ብዙ ያልተሰማበት አንዱ ምክንያት ትኩሳት ያለበት ሕፃን ሲመጣ አስቀድመው የሚጠረጠሩት ሌሎች በሽታዎች መብዛታቸው ነው። ያልተፈለገ በሽታ አይገኝም።

ተላላፊ ነው? ከሙቀቱ ወይም ከምግብ ይመጣል?

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የድሬዳዋ ሙቀትም፣ እናቲቱ የበላችው ነገርም፣ የሰው ዓይንም አያመጡትም። ጡት ማጥባት ይቀጥላል፤ ወንድምና እኅቶቹንም ከሕፃኑ ማራቅ አያስፈልግም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

መነሻው ትኩሳት ነው። ብዙ ጊዜ ከ39 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፣ በፓራሲታሞል ለጥቂት ሰዓት ይበርድና ይመለሳል፤ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ይቆያል። ከትኩሳቱ ጋር አምስት ነገሮች ይፈለጋሉ። ሁለቱም ዓይኖች ያለ ዓይናር ይቀላሉ። ከንፈር ይቀላል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ምላስም ይቀላል። በሰውነት ላይ ሽፍታ ይወጣል። መዳፍና የእግር ጫማ ይቀላሉ ወይም ያብጣሉ። አንገት ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የማያንስ እብጠት ይወጣል፤ ይህን ሰፈሩ «ጆሮ ደግፍ» ብሎ ያልፈዋል። ትኩሳቱ ከእነዚህ አራቱን ይዞ ከመጣ፣ ሌላ አጥጋቢ ምክንያትም ካልተገኘለት፣ ሕመሙ ካዋሳኪ ነው ይባላል።

ምልክቶቹ በአንድ ቀን ተሰብስበው አይመጡም። ማክሰኞ የቀላው ዓይን ሐሙስ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ነጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ያዩትን ይጻፉ፣ በስልክዎም በመስኮት ብርሃን ፎቶ ያንሡ። ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን እንደ አንደኛ ቀን ይቁጠሩ። «ሰንብቷል» ከማለት «ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው» ማለት ለሐኪሙ ትልቅ ልዩነት አለው።

የልጄ ቆዳ ጠቆር ያለ ነው፤ መቅላቱን እንዴት ልለየው?

የመማሪያ መጻሕፍት ፎቶዎች አብዛኞቹ የነጭ ወይም የእስያ ሕፃናት ስለሆኑ ጥያቄው ትክክል ነው። በእኛ ሕፃናት ላይ ሽፍታው ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ከአካባቢው ቆዳ ጠቆር ይላል፣ ወይም በእጅ ሲዳሰስ ሻካራ ነው። መቅላቱ የሚነበበው በከንፈር፣ በዓይን ነጭ፣ በመዳፍና በእግር ጫማ ላይ ነው። ሕፃኑን ሙሉ በሙሉ አራቁቶ ብሽሽቱንም ማየት ተገቢ ነው፤ በካዋሳኪ የዳይፐር አካባቢ ቀድሞ ይቆጣና ይላጣል። ድሬዳዋ ላይ ይህን ሁሉም ሰው በሙቀትና በዳይፐር ስለሚያሳብበው ለሐኪም እንኳ ሳይነገር ይቀራል።

የጣት ጫፍ፣ ከጥፍር ሥር ጀምሮ፣ መላጥ የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ነው። እሱን ጠብቆ ሕመሙን ማወቅ ማለት ከረፈደ በኋላ ማወቅ ነው።

ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ለምን የተለየ ትኩረት ያስፈልገዋል?

በዚህ ዕድሜ ሕመሙ በከፊል ብቻ ስለሚገለጥ ነው። የአንገት እብጠቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ሽፍታው ለአንድ ቀን ብቅ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ከአምስቱ ምልክቶች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ አንዳንዴም ከትኩሳት በቀር ምንም ላይኖር ይችላል። የልብ ቧንቧዎች የመጎዳት ዕድል ግን በእነዚሁ ሕፃናት ላይ ከትልልቆቹ ይበልጣል፤ በጊዜ ታክመውም እንኳ። ምልክቱ በጣም የሚያንሰው ጉዳቱ በጣም በሚበዛበት ዕድሜ ነው ማለት ነው። «አራት ምልክት አልሞላም» ብሎ መመለስ ለአራት ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ ያስኬድ ይሆናል፤ ለአራት ወር ሕፃን ግን አደገኛ ነው።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል። ማንኛውም ሕፃን አምስት ቀን አተኩሶት ሁለት ወይም ሦስት ምልክት ካሳየ፣ ወይም የስድስት ወርና ከዚያ በታች የሆነ ሕፃን ሌላ ምልክት ሳይኖረው ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሰባት ቀን ከቆየበት፣ የብግነት የደም ምርመራ ሊሠራለት ይገባል። ሕፃኑ ያለ ልክ የሚነጫነጭ፣ ሲያቅፉትም ሲያስተኙትም የማይጽናና ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ። ብግነቱ የአንጎልን ሽፋን ሊነካ ስለሚችል መነጫነጩ ራሱ ምልክት ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን በብብት ተለክቶ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰው አምስት ቀን አይቆጠርለትም። ከባድ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

አያቱ «ምች ነው» አሉ። ዳማ ከሴ ብናሸው ምን ይጎዳል?

ከንፈሩ ደርቆ ሲሰነጠቅና ሲያተኩሰው «ምች መታው» ማለት ከአያት የወረስነው ነው፤ ዳማ ከሴውም በመዓዛው ማንንም አላስቀየመም። የሚጎዳው በእሱ የሚያልፈው ቀን ነው። ለጨቅላ ሕፃን ጭማቂውን ማጠጣትም ሆነ በአፍንጫው መጨመር አይገባም።

ጡት አልጠባ ሲል እንጥል ማስቆረጥ ወይም የወተት ጥርስ ማስነቀል ግን ፈጽሞ አይደረግም። ሊደማ፣ ሊያመረቅዝና ሊገድል ይችላል። ለትኩሳቱ ብላችሁ አስፕሪንም በቤት አትስጡ፤ የካዋሳኪ ሕክምና አካል ቢሆንም መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው።

ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት ሲባል ወባና ደንጊ ነው የሚታሰበው። በምን ይለያሉ?

መታሰባቸው ተገቢ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ደግሞ ከተማዋን ያዳረሰውን ቺኩንጉንያ አይታለች፤ ወባም በከተማው ውስጥ ይተላለፋል። ስለዚህ የወባ የደም ምርመራ መቅደም አለበት። ወባ ከተገኘ ይታከማል። ተገቢውን መድኃኒት እየወሰደ ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ካልለቀቀ ግን ምርመራው ከመጀመሪያው ይደገማል። «ወባ ተገኝቶበታል» የሚለው ቃል ሌላውን ጥያቄ ሁሉ መዝጋት የለበትም።

ደንጊ ይበልጥ ያደናግራል። ትኩሳት አለው፣ ሽፍታ አለው፣ ዓይንም ያቀላል። እዚህ ላይ ተራው የደም ቆጠራ ብዙ ይረዳል። በደንጊ ነጭ የደም ሴሎችና ደምን የሚያረጋው ፕላትሌት ብዙ ጊዜ ይወርዳሉ። በካዋሳኪ ነጭ የደም ሴሎች ይበዛሉ፤ ፕላትሌት በመጀመሪያው ሳምንት ልከኛ ሆኖ ሊታይና በሁለተኛው ሳምንት ከ450,000 በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በአራተኛው ቀን የተሠራ አንድ ቆጠራ አይበቃም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የቀድሞውን የላቦራቶሪ ወረቀት አይጣሉ።

የደንጊ ትኩሳትም እንደ ደንቡ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። በስምንተኛው ቀን የሚያቃጥል ሕፃን «ቫይረስ ነው፣ ይለቀዋል» ሊባል አይገባም።

ከኩፍኝስ?

ኩፍኝ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ይዞ ይመጣል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። በካዋሳኪ ዓይን ደረቅ ቀይ ነው፤ ቅላቱም ብዙ ጊዜ ጥቁሩን ክብ ሳይነካ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ይተዋል። የመዳፍና የእግር ጫማ እብጠት ወደ ካዋሳኪ ያደላል። በአካባቢው ኩፍኝ ካለ ግን በዓይን ብቻ መወሰን አይቻልም፤ የደም ናሙና ይላካል።

አንቲባዮቲክ በጀመርን ማግስት ሽፍታ ወጣበት። መድኃኒቱ አልተስማማውም ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦ በሦስተኛው ቀን ከፋርማሲ ሽሮፕ ይገዛል፣ በአራተኛው ቀን ሽፍታው ይወጣል፣ ሽሮፑ ይቆማል፣ ሌላ ይጀመራል፣ ሳምንቱም ያልቃል። ሽፍታው ሊወጣ የነበረው በዚያው ቀን ቢሆንስ? መድኃኒቱ ቆሞም ትኩሳቱ ከቀጠለ «አለርጂ» የሚለው መልስ ትኩሳቱን አያስረዳም።

የሽንት ኢንፌክሽን ነው ተብለን መርፌ ጀመረ፤ ለውጥ ግን የለም።

ካዋሳኪ በጨቅላዎች ላይ ከሚደበቅባቸው ስፍራዎች ዋነኛው ይህ ነው። ብግነቱ የሽንት መውጫ ቱቦን ስለሚነካ በሽንት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ይታያሉ፤ ባክቴሪያ ግን የለም። በማይክሮስኮፕ ብቻ ያየ ሰው ኢንፌክሽን ቢለው አይፈረድበትም። የሚለየው የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ ካለ አብቅሎ የሚያሳየው ምርመራ፣ ነው፤ ናሙናው ደግሞ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት። ካልቸሩ ምንም ካላበቀለና ትኩሳቱ በሁለትና በሦስት ቀን ካልበረደ «የሽንት ኢንፌክሽን» የሚለው ስም መነሣት ይኖርበታል። የጀርባ ውኃ ተወስዶ ሴሎች ተገኝተውበት ባክቴሪያ ካልታየም ነገሩ ያው ነው።

ሲወለድ የተከተበው የክንዱ ጠባሳ በድንገት ቀላ። ይህ ከትኩሳቱ ጋር ይያያዛል?

አዎ። ይህን ያስተዋለች እናት ትልቅ ነገር አስተውላለች። ሲወለዱ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ክንድ ላይ ትንሽ ጠባሳ ይተዋል። በካዋሳኪ ወቅት ያ የተረሳ ቦታ ይቀላል፣ ይጠነክራል፣ አንዳንዴም ቅርፊት ይሠራል። ክትባቱ ገና በተሰጠባቸው ሳምንታት ቦታው ቢቀላ የተለመደ ነው፤ ደርቆ ከሰነበተ በኋላ ከትኩሳት ጋር ሲቀላ ግን ሌሎች ትኩሳት አምጪ ሕመሞች እምብዛም የማያሳዩት ምልክት ነው። በተለይ ከአንድ ዓመት በታች ባሉት ላይ ይታያል።

የአሜሪካ ሕፃናት ቢሲጂን በመደበኛነት ስለማይከተቡ ይህ ከአምስቱ ዋና ምልክቶች ውስጥ አልተቆጠረም። ክትባቱ የሚሰጥባት ጃፓን ግን በመመሪያዋ አስገብታዋለች። እኛም ልጆቻችንን የምናስከትብ ስለሆንን ይህን ነጻ ምርመራ አለመጠቀማችን ያስቆጫል፤ የሚጠይቀው እጅጌ መሰብሰብ ብቻ ነው።

በየትኛው የደም ምርመራ ይረጋገጣል?

በአንዱም አይረጋገጥም። «ካዋሳኪ አለ» ወይም «የለም» የሚል የላቦራቶሪ ውጤት አይሰጥም። የሚደረገው ማስረጃ ማሰባሰብ ነው። በመጀመሪያ ሲአርፒ እና ኢኤስአር የተባሉት የብግነት መለኪያዎች ይታያሉ። ሲአርፒ በሊትር 30 ሚሊግራም፣ ወይም ኢኤስአር በሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ሲአርፒን አንዳንድ ላቦራቶሪ በሊትር፣ አንዳንዱ በዴሲሊትር ስለሚጽፈው በአንዱ 30 የሆነው በሌላው 3 ነው። መለኪያውን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ማንበብ ያሳስታል።

ቀጥሎ የደም ማነስ፣ ከ15,000 ያላነሰ ነጭ የደም ሴል፣ ከሰባተኛው ቀን በኋላ ከፍ ያለ ፕላትሌት፣ ዝቅ ያለ አልቡሚን (በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን)፣ ከፍ ያለ የጉበት ኢንዛይም፣ በሽንት ውስጥ የሚታይ ነጭ የደም ሴል ይፈለጋሉ። ከእነዚህ ከስድስቱ ሦስቱ ከተገኙ ባልተሟላ ምልክትም ቢሆን ሕክምና ይጀመራል። አብዛኞቹ ተራ ምርመራዎች መሆናቸው ደግ ነው።

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተሠርቶለት «ልቡ ደህና ነው» ተባልን። ካዋሳኪ አይደለም ማለት ነው?

አይደለም ማለት አይቻልም። የቧንቧው መስፋት በመጀመሪያው ሳምንት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ኢኮ ሕመሙ ሲጠረጠር፣ ከዚያ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማል። ትኩሳቱ ካልለቀቀ ደግሞ ቶሎ ቶሎ።

ሌላው ነገር ምን እንደታየ ማወቅ ነው። «ልቡ ደህና ነው» ሲባል የልብ ክፍልፋዮች፣ ክዳኖችና የመምታት ኃይሉ ታይተው፣ ቧንቧዎቹ ግን ጨርሶ ሳይለኩ ሊቀሩ ይችላሉ። የጨቅላ ሕፃን የልብ ቧንቧ ስፋቱ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ሕፃኑም እየጮኸና እየተወራጨ ነው። ልኬቱም ከሕፃኑ ቁመትና ክብደት ጋር ተሰልቶ «ዜድ» በሚባል ነጥብ ይገለጻል፤ 2.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰፍቷል ይባላል። ስለዚህ በትሕትና፣ ግን ሳያፍሩ፣ «ዶክተር፣ የልብ ቧንቧዎቹ ተለክተዋል?» ብለው ይጠይቁ። ኢሲጂና የደረት ራጅ ይህን አያሳዩም።

ኢኮ የሚሠራ ባለሙያ በቅርብ ካልተገኘስ?

ድሬዳዋ ያለ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታልን፣ ሐረር ያለ ሕይወት ፋና ወይም ጀጎል ሆስፒታልን ያውቃል። ከመንቀሳቀስዎ በፊት የላከዎ ሐኪም ደውሎ በዚያ ቀን የጨቅላ ሕፃናትን የልብ ቧንቧ የሚለካ ባለሙያ መኖሩን ቢያረጋግጥ ጥሩ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ከታማሚ ሕፃን ጋር በከንቱ የሚመላለሱበት ግን አይደለም። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ የሪፈር ወረቀቱ ላይ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን፣ የታዩት ምልክቶችና የላቦራቶሪ ውጤቶቹ በሙሉ ይጻፉበት።

ዋናው ነጥብ፣ ምልክቶቹና የደም ምርመራው በቂ ከሆኑ ሕክምናው ኢኮ አይጠብቅም።

ሕክምናው ምንድን ነው? አሥር ቀን የሚባለውስ?

ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለ መድኃኒት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 2 ግራም ተሰልቶ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ቀስ ብሎ በደም ሥር ይሰጣል። ለአምስት ኪሎ ሕፃን 10 ግራም መሆኑ ነው። አብሮት አስፕሪን ይሰጣል፤ በኋላም በትንሽ መጠን ለሳምንታት ይቀጥላል። ከስድስት ወር በታች ላሉት ሐኪሙ ስቴሮይድ የተባለ ብግነት አብራጅ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል። ካልታከሙት ውስጥ ከአራቱ የአንዱ ያህል የልብ ቧንቧ ይጎዳል፤ በጊዜ ሲታከሙ ይህ ወደ 5 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

መድኃኒቱ ውድ ነው፤ በየፋርማሲውም አይገኝም። ስለዚህ ፍለጋው ጥርጣሬው እንደተነሣ እንጂ ሁሉም ውጤት ከተሰበሰበ በኋላ መጀመር የለበትም። ትኩሳቱ ከጀመረ በአሥር ቀን ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል። አሥሩ ቀን ካለፈ ግን በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ትኩሳቱ ወይም ብግነቱ ካለ አሁንም ይሰጣል። ከመድኃኒቱ በኋላ ኢኤስአር በራሱ በመድኃኒቱ ምክንያት ከፍ ስለሚል ለክትትል የሚታየው ሲአርፒ ነው።

ትኩሳቱ ያለ ሕክምና በራሱ ጠፋ። አሁን ጣቱ እየተላጠ ነው፤ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ። ያልታከመ የካዋሳኪ ትኩሳት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ በራሱ ይለቃል። ሕፃኑ ይጠባል፣ ይስቃል፣ ቤተሰቡ ተመስገን ይላል። የቧንቧው መስፋት ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው በዚሁ ሰዓት ነው፤ ፕላትሌቱም ከፍ ያለው፣ ደሙም ለመርጋት የሚያዘነብለው አሁን ነው። ኢኮና የደም ቆጠራ ይሠራለት። ቧንቧው ሰፍቶ ከተገኘ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት ይጀመርለታል፤ ክትትሉም እንደ ስፋቱ መጠን ለዓመታት ሊዘልቅ ይችላል።

የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባቱ ደርሷል፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን ከወሰደ ይከተባል?

የኩፍኝ ክትባት ከመድኃኒቱ በኋላ አሥራ አንድ ወር እንዲቆይ ይመከራል፤ ከለጋሾች የመጣው የመከላከያ ንጥረ ነገር ክትባቱን ስለሚያመክነው ነው። በአካባቢው ኩፍኝ ከገባ ግን ጊዜው ሳይደርስ ተከትቦ በኋላ ሊደገምለት ይችላል። የፖሊዮ ጠብታ፣ የሮታና የአምስቱ ጥምር ክትባት በጊዜያቸው ይቀጥላሉ። መድኃኒቱ የተሰጠበትን ቀን በክትባት ካርዱ ላይ ያጽፉ፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከሌላ ቦታ ልታውቀው አትችልም። ሕፃኑ አስፕሪን እየወሰደ ሳለ በቤት ውስጥ ጉድፍ ወይም ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ካለ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገረው፤ ኢቡፕሮፌንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጠው።